ለቤታችን የሚበቃ ትንሽ ኮምፒዩተር

 

አንዲት እናት ልጃቸውን ከመድረሳ ሊወስዱ በመጡበት ቀን ጠጋ ብለው፣ «ኡስታዝ፣ ዕቁብ ደርሶኛል። ለልጆቹ ኮምፒዩተር ልግዛበት ብያለሁ፤ የትኛው ይሻላል ይላሉ?» ሲሉ አማከሩን። ለካስ ቀደም ብለው አንድ ሱቅ ገብተው ኖሯል። ሻጩም ጎኑ መስታወት የሆነ፣ በውስጡ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚበራበት ትልቅ ማሽን አሳይቷቸው «ይኼ የማይችለው ነገር የለም» ብሏቸዋል። ዋጋው ግን የዕቁቡን ብር ጠቅልሎ ወስዶ ብድርም የሚያስጨምር ነበር።

እኛም መልሰን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅናቸው፤ «ምን ሊሠሩበት ነው?» እርሳቸውም፣ «ትልቁ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። ታናሽቱ የቤት ሥራዋን ትጽፍበታለች። እኔ ደግሞ ቁርኣንና ደርስ አዳምጥበታለሁ፤ ጅዳ ካለችው እህቴ ጋርም እየተያየን እናወራለን» አሉን። ለዚህ ሁሉ ያ መብራታም ማሽን አያስፈልግም።

ጥያቄው የእኚህ እናት ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒዩተር ከተሰጠ ወዲህ ብዙ ወላጆች ይህንኑ ይጠይቁናል። ጣቱ ኪቦርድ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ትምህርቱን እያወቀ በመሣሪያው ሊደናገር ይችላልና ሥጋታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን የሠጋ ሰው የነገሩትን ሁሉ ይገዛል። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ ጀምረን እንመልከተው።

ከዋጋው በፊት ኒያው

ሥራ ሁሉ በኒያው ነው እንላለን። ዕቃ መግዛትም እንደዚሁ ነው። ጽሑፍ ለመጻፍ፣ ኢንተርኔት ለመመልከት፣ ትምህርት በቪዲዮ ለመከታተል፣ ቁርኣን ለማዳመጥና ከዘመድ ጋር ለመነጋገር መካከለኛ ኮምፒዩተር ከበቂ በላይ ነው። ኃይለኛ ማሽን የሚያስፈልገው ከባድ ጨዋታ ለሚጫወት፣ ፊልም ለሚያቀናብር ወይም የሕንፃ ንድፍ ለሚሠራ ሰው ነው። ለማንሠራበት ጉልበት ገንዘብ ማፍሰስ ኢስራፍ ነው። ለዚያ ብሎ ወለድ ያለበት ብድር ውስጥ መግባት ደግሞ ከኢስራፍም የከፋ ነው፤ ለልጅ ዕውቀት ብለን የምናስገባው ዕቃ ቤታችንን በሪባ በር ሊገባ አይገባም።

«ታዲያ ላፕቶፕ ለምን አይሆንም?» የሚል ይኖራል። ከቤት ውጭ ለሚሠራበት ሰው ላፕቶፕ ተመራጭ ነው። ለቤተሰብ ግን አንድ ቦታ የሚቀመጥ ኮምፒዩተር ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ስክሪኑ፣ ኪቦርዱና ማውዙ የተለያዩ ስለሆኑ አንዱ ቢበላሽ ያንኑ ብቻ እንለውጣለን። ሁለተኛ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ይዘውት አይገቡም፤ ሳሎን ላይ ተቀምጦ ሁሉም ያየዋል። ይህን ሁለተኛውን ወላጆች በቀላሉ ባይመለከቱት መልካም ነው።

ትንሹ ማሽን ምንድን ነው?

ዛሬ ለቤት የሚሆን ኮምፒዩተር የግድ እንደ ሻንጣ ግዙፍ መሆን የለበትም። ለመሥሪያ ቤቶች ተብለው የሚሠሩ ትንንሽ ማሽኖች አሉ። ዴል «ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ»፣ ኤች.ፒ. «ኤሊትዴስክ ሚኒ»፣ ሌኖቮ ደግሞ «ቲንክሴንተር ታይኒ» ብለው ያወጧቸው ይገኙበታል። ወርዳቸውና ቁመታቸው 18 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ውፍረታቸውም 3.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከአንድ መካከለኛ ኪታብ ብዙም አይበልጡም። ትልልቅ ድርጅቶች ለጥቂት ዓመታት ከተጠቀሙባቸው በኋላ በጅምላ ስለሚሸጧቸው ያገለገሉት ከአዲስ በጣም ባነሰ ዋጋ ወደ ገበያ ይወጣሉ። በመርካቶም ሆነ በመገናኛ ዙሪያ ያሉ ነጋዴዎችን ጠይቆ ማፈላለግ ይቻላል።

በመብራት በኩልም ቆጣቢ ናቸው። በቀላል ሥራ ላይ 20 ዋት የሚወስድ ማሽን በቀን 5 ሰዓት ቢሠራ በ30 ቀን የሚፈጀው 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ጨዋታ ሲጫወቱበት 300 ዋት የሚወስድ ትልቅ ማሽን በዚያው ሰዓት 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። በፕሮሰሰሩ ስም መጨረሻ ላይ «ቲ» የምትል ፊደል ካለች አነስተኛ ኃይል እንዲወስድ የተሠራ ነው ማለት ነው።

ሦስት ቁጥሮች

ሻጩ ብዙ ቁጥር ይደረድራል። እኛ ሦስቱን ብቻ እንያዝ።

የመጀመሪያው የፕሮሰሰሩ ትውልድ ነው። «አይ 7 ነው» ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው እንረታለን። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው 4ኛ ትውልድ አይ 7 በ2018 ከወጣው 8ኛ ትውልድ አይ 5 ይበልጣል ማለት አይደለም። ትውልዱ ከስሙ ቀጥሎ ባለው ቁጥር ይታወቃል፤ «አይ 5-8500ቲ» 8ኛ፣ «አይ 5-10500ቲ» 10ኛ ትውልድ ነው። ይህ ልዩነት ለምን ያስፈልጋል? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ ከጥቂት በስተቀር፣ የሚቀበለው ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። 6ኛና 7ኛ ትውልድ አሁን ረከስ ብሎ ቢቀርብልን አንዱ ምክንያት ይህ መሆኑን እንወቅ። አቅሙ ያለው በዚያ ብቻ ከሆነም ተስፋ አይቁረጥ፤ እንደ «ሊኑክስ ሚንት» ያለ ነፃ ሥርዓት ቢጫንበት ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ገና ብዙ ያገለግላል። የሰው መብት ከመስረቅም ያድናል።

ሁለተኛው ሚሞሪ ወይም ራም ነው። 8 ጊጋባይት ለቤት ሥራ ይበቃል፤ 16 ከሆነ ለዓመታት ያረካል። ከእነዚህ ማሽኖች አብዛኞቹ ሁለት የሚሞሪ ማስገቢያ ስላላቸው ዛሬ በ8 ጀምሮ ገንዘብ ሲገኝ መጨመር ይቻላል።

ሦስተኛው የመረጃ ማስቀመጫው ነው። አሮጌው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ሳይሆን «ኤስ.ኤስ.ዲ.» የሚባለው ይሁን። የኮምፒዩተር መንቀራፈፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከአሮጌው ዲስክ ነው። 256 ጊጋባይት ለአንድ ቤተሰብ ጥሩ መነሻ ነው።

አዲስ ለመግዛት የሚሻ ደግሞ «ኢንቴል ኤን 100» የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ፕሮሰሰር ያለባቸውን ትንንሽ ማሽኖች ሊመለከት ይችላል። ለጽሑፍና ለቪዲዮ ይበቃሉ። በአንዳንዶቹ ላይ ግን ሚሞሪው ተበይዶ የተያዘ ስለሆነ ኋላ አይጨመርበትም። ሳይከፍሉ መጠየቅ ይገባል።

እኛን ያጋጠመን

ይህን ሁሉ ስንል ሳንሳሳት ቀርተን አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመድረሳችን ልጆች የዐረብኛና የአማርኛ ጽሑፍ መለማመጃ እንዲሆን ከወላጆች በተዋጣ ገንዘብ አንድ ያገለገለ ማሽን ገዛን። ሱቁ ውስጥ በራ፤ ደስ አለንና ከፍለን ወጣን። በሁለተኛው ሳምንት የመረጃ ማስቀመጫው ሞተ። ተመልሰን ብንሄድ ሻጩ፣ «ከእጄ ሲወጣ ይሠራ ነበር፤ ምን ተነጋግረን ነበር?» አለን። እውነቱን ነው፤ ምንም አልተነጋገርንም። የሕዝብ ገንዘብ አማና ነውና ጉድለቱን ከኪሳችን ሞላን።

ያንገበገበን የገንዘቡ ነገር ብቻ አልነበረም። ኪታቡል ቡዩዕን ስንት ጊዜ አስቀርተናል! ገዥና ሻጭ ሳይለያዩ ምርጫው በእጃቸው መሆኑን፣ እውነት ተነጋግረው ነውሩን ከገለጹ በንግዳቸው በረካ እንደሚደረግላቸው፣ ነውሩን ከደበቁ በረካው እንደሚነሳ ለደረሶቻችን ነግረናል። በንግድ ይታለል የነበረ አንድ ሰው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ችግሩን በነገራቸው ጊዜ ሲገዛ «ማታለል የለም» ብሎ እንዲያስቀድም እንዳስተማሩትም እናውቃለን። ፉቀሃዎች «ኺያሩ ሸርጥ» የሚሉት፣ ዕቃውን ለተወሰነ ቀን ፈትሾ የማጽናት ወይም የመመለስ ውል፣ በሻፊዒያ ኪታቦች እስከ ሦስት ቀን እንደሚፈቀድ ስናስቀራ ምሳሌያችን ሁልጊዜ በቅሎና በሬ ነበር። ኮምፒዩተር ሱቅ ስንገባ ያ ሁሉ ምዕራፍ ተዘነጋን።

እንግዲህ አንባቢ ከእኛ ይማር። ከመክፈል በፊት በግልጽ «ሦስት ቀን እሞክረዋለሁ፤ ካልተስማማኝ እመልሰዋለሁ» እንበል፤ በደረሰኙም ላይ ይጻፍ። ያገለገለውን ዕቃ የሚሸጡ ወንድሞችም የሚያውቁትን ነውር ሳይጠየቁ ይናገሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ አንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ ባለቤቱን ለምን እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀውታል። ደካማ ዲስክ በንጹሕ ሳጥን ውስጥ መሸጥ ከዚያ እርጥብ እህል በምን ይለያል?

ሱቁ ውስጥ ምን እንፈትሽ?

በመጀመሪያ ማሽኑን አስነስተን ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ እንጫን። በሚከፈተው መስኮት «ፐርፎርማንስ» በሚለው ሥር ፕሮሰሰሩ፣ ሚሞሪውና ዲስኩ ይዘረዘራሉ። ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሳይሆን ይህ ይታመናል።

ቀጥሎ ማሽኑ ሲነሳ ወደ ውስጥ ማስተካከያው እንግባ፤ በዴል ኤፍ 2፣ በኤች.ፒ. ኤፍ 10፣ በሌኖቮ ቲንክሴንተር ኤፍ 1 ነው። የቀድሞው መሥሪያ ቤት የይለፍ ቃል አስሮበት ከሆነ ሻጩ እዚያው ይፍታልን፤ ቤት ከደረስን በኋላ የሚፈታው አናገኝም።

የዲስኩን ጤንነት የሚያሳይ «ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ» የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። እኛ ይህን አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ አድርገን ቢሆን ኖሮ ምናልባት ከዚያ ሁሉ እንድን ነበር። የኃይል መስጫው የራሱ የማሽኑ መሆኑንም እንጠይቅ። አንዳንዶቹ ማሽኖች ባዕድ ኃይል መስጫ ሲሰካባቸው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ።

በመጨረሻም የጎደለውን እንቁጠር። ብዙዎቹ ያገለገሉ ትንንሽ ማሽኖች የዋይፋይ ካርድ የላቸውም፤ ካሜራና ማይክሮፎንም ለብቻ ይገዛል። የስክሪን መሰኪያቸው «ዲስፕሌይ ፖርት» ብቻ ሆኖ የቤታችን ቴሌቪዥን ወይም ስክሪን «ኤች.ዲ.ኤም.አይ.» ከሆነ መቀየሪያ ያስፈልገናል። ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውዝ ተደምረው ነው እውነተኛውን ዋጋ የሚሰጡን። የአማርኛና የዐረብኛ ኪቦርድ ግን በዊንዶውስ ውስጥ አብሮ ስለሚመጣ ለእርሱ መክፈል ግድ አይደለም።

ቤት ከገባ በኋላ

እንደ ላፕቶፕ ባትሪ ስለሌለው መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል፤ ያልተቀመጠው ጽሑፍም ይጠፋል። ስለዚህ አነስተኛ ዩ.ፒ.ኤስ. ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ ይግባ። ማሽኑ ትንሽ ኃይል ስለሚወስድ ትንሹ ዩ.ፒ.ኤስ. ጽሑፉን አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት ይበቃል። የልጆቹን ጽሑፍና የቤተሰቡን ፎቶግራፍ ደግሞ በሌላ ዲስክ መገልበጥ አይዘንጋ።

ስክሪኑ ወደ ሳሎኑ መሃል ዞሮ ይቀመጥ። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ሰዓት ይመደብለት፤ አዛን ሲሰማም ይዘጋ። ሕጉ በአባትና በእናት ላይም ይሥራ። አባት ከሶላት በኋላ ለዜና እየተቀመጠ ልጁን «ተነሣ!» ቢለው ልጁ የሚሰማው ቃሉን ሳይሆን ሥራውን ነው።

እኚያ እናት ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። የመጀመሪያው ሱቅ የሦስቱን ቀን ውል አልቀበልም ስላላቸው ትተውት ወጥተዋል። አጠገቡ ያለው ግን በደረሰኙ ላይ ጽፎላቸው፣ 8ኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ትንሽ ማሽን ሸጦላቸዋል። ዩ.ፒ.ኤሱንም ገዝተው ከዕቁቡ ብር ተርፏቸዋል። «ሻጩ ራሱ 'አንዷ የዩ.ኤስ.ቢ. መሰኪያ አትሠራም' ብሎ ነገረኝና ቀነሰልኝ» አሉን እየሳቁ። እኛም ለእርሳቸውም ለሻጩም ዱዓ አደረግን። እንዲህ ያለ ንግድ ገና በገበያችን አለ፤ አልሐምዱሊላህ።

አላህ (ሱ.ወ.) ገንዘባችንን በሚጠቅመን ላይ የምናውል፣ በንግዳችንም እውነተኞች ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።