ስልቻው ከጤፉ ሲከብድ፦ ሃይድሮጅን በብረት ቢታሰር ያዋጣል?

ጤፍ የሚገዛ ነጋዴ የስልቻውን ክብደት ሳይቀንስ ሒሳብ አይከፍልም። ስለ ሃይድሮጅን ነዳጅ የሚወራለት ባለሀብትም ከዚሁ ቢጀምር አይከስርም።

እንደሚታወቀው ባህር ዳር አካባቢ ውሃውም ኃይሉም አለ። የጣና ውሃ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በዋሻ ተጉዞ የሚያንቀሳቅሰው የጣና በለስ ጣቢያ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ አቅሙ 460 ሜጋ ዋት ነበር። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ከውሃ ለመለየት 9 ሊትር ውሃና ከ50 እስከ 55 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ጣጣው ማስቀመጫው ላይ ነው። ይህ አንድ ኪሎ ጋዝ ካልታመቀ 11 ሺህ ሊትር ቦታ ይይዛል።

አንዱ መላ ብረት እንዲውጠው ማድረግ ነው። አንዳንድ ብረቶች የሃይድሮጅን አቶሞችን በአቶሞቻቸው መካከል ባለው ክፍተት ያስገባሉ፤ ውጤቱ ሃይድራይድ ይባላል። የላንታነምና የኒኬል ቅይጥ ሃይድሮጅኑን በተራ የክፍል ሙቀት ተቀብሎ ይመልሳል፤ ነገር ግን አንድ ኪሎ ለመያዝ 70 ኪሎ ያህል ቅይጥ ይጠይቃል። ማግኒዥየም ሲሆን ሃይድሮጅኑን ጨምሮ 13 ኪሎ ይበቃል። ይኸኛው ደግሞ ሸቀጡን ደብቆ ዋጋ እንደሚጠብቅ ነጋዴ ነው፤ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ካልሞቀ አይለቅም።

ተመራማሪዎች መያዣውን የሚያላሉት ብረቱን ክላስተር ወደሚሉት ጥቃቅን የአቶም ዘለላ በማሳነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በሆላንድ የተሠራ ስሌት እንዳሳየው፣ የማግኒዥየም ሃይድራይድ ቅንጣት ከአንድ ናኖሜትር ጥቂት ሲያንስ ሃይድሮጅኑን በ200 ዲግሪ ሊለቅ ይችላል። ዘለላው ሲያንስ ብዙዎቹ አቶሞች ገጹ ላይ ስለሚቀሩ እርስ በርስ የሚይዛቸው ይላላል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ስሌት ነው እንጂ ለገበያ የወጣ ዕቃ አይደለም።

«ለአንድ ላንታነም 10 ሃይድሮጅን» የሚል ዜና ቢሰማም አያስጎምጅ። እያንዳንዱን ላንታነም 32 የሃይድሮጅን አቶሞች እንደ ቀፎ የከበቡት ይህ ውህድ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከዜሮ በታች 23 ዲግሪ ላይ ኤሌክትሪክን ያለ ብክነት በማስተላለፉ ዝና አትርፏል። የታየው ግን ከተለመደው የአየር ግፊት 1.7 ሚሊዮን እጥፍ በሚሆን ግፊት ነው። ስልቻ አይሆንም።

ክብደቱን የሚችል ደንበኛ ማን ነው? መርከብ። የጀርመን ባሕር ኃይል 212 የተባሉት ሰርጓጅ መርከቦች ሃይድሮጅናቸውን የሚይዙት በብረት ሃይድራይድ ነው። ታዲያ ጣና ላይስ? 10 ኪሎ ሃይድሮጅን የሚጭን ጀልባ 700 ኪሎ ቅይጥ ከወለሉ ሥር ቢያስቀምጥ ሚዛኑን ይጠብቅለታል እንጂ አይጎዳውም። የሚጎዳው ኪሱ ነው። ከከፈለበት ኤሌክትሪክ ለሞተሩ የሚደርሰው ሲሶው ቢሆን ነው፤ ቅይጡም በዶላር ይገዛል። ከባህር ዳር ዘጌ ለሚመላለስ ጀልባ ባትሪ ይሻላል። ሃይድራይዱን ማሰብ የሚገባው ሐይቁን አቋርጦ ጎርጎራ ድረስ ጭነት የሚያደርስ ነው፤ እሱም ቢሆን በቅድሚያ የባትሪ ዋጋ ያጠያይቅ።