የአእምሮ ሕመምተኛ በፖሊስ እጅ ሲገባ፦ የጤና ባለሙያው ድርሻ፣ የነዳጅ ወጪና የመንግሥት ተጠያቂነት

መግቢያ

የአእምሮ ሕመም በድንገት ሲባባስ በብዙ ከተሞቻችን በቅድሚያ የሚጠራው የጤና ባለሙያ ሳይሆን ፖሊስ ነው። ቤተሰብ አቅም ሲያጣ፣ ጎረቤት ሲሰጋ ወይም በገበያ መካከል ሁከት ሲነሳ፣ ሌሊትም ሆነ ቀን ክፍት ሆኖ የሚገኘው በር የፖሊስ ጣቢያ ነውና። በዚህም ምክንያት ሕመምተኛው ጤና ተቋም የሚደርሰው እጁ ታስሮ፣ በፖሊስ ታጅቦ፣ አንዳንድ ጊዜም ከቀናት መዘግየት በኋላ ሊሆን ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእንዲህ ዓይነቱ አጋጣሚ የጤና ባለሙያው ምን ማድረግ እንዳለበት፣ «ነዳጅ የለም» የሚለው ምላሽም በምን መንገድ ለተጠያቂነት ሊቀርብ እንደሚችል ማስረዳት ነው።

ለማሳያነት የተመረጠችው ደራ ናት። ደራ በአርሲ ዞን የዶዶታ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። እዚህ የሚነሳው ጥያቄ ግን የስምጥ ሸለቆ ትናንሽ ከተሞች ሁሉ ጥያቄ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆንና ኃላፊነቱን ያጓደለ ሁሉ ተጠያቂ እንዲሆን ይደነግጋል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው አግባብ ያለው የጉዞ ጊዜ ግን በዚህ ስሌት አይገባም። አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ሰብአዊ ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝና ከሐኪም ጋር እንዲገናኝ መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች እንክብካቤ ገንዘብ እንዲመድብ ያስገድዳል።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 እና 49 በአእምሮ ሕመም ምክንያት የድርጊቱን ምንነት ወይም ውጤት መረዳት ያልቻለ፣ ወይም ራሱን መቆጣጠር የተሳነው ሰው የሚኖረውን የወንጀል ኃላፊነት ይወስናል። ጉዳዩ በሚያጠራጥርበት ጊዜ ፍርድ ቤቱ የባለሙያ ማስረጃ ያስቀርባል። ውሳኔው የፍርድ ቤት ቢሆንም መነሻው የሕክምና መዝገብ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት የተጻፈ ጥንቃቄ የተሞላበት ማስታወሻ፣ ከወራት በኋላ የአንድን ሰው ዕጣ ሊወስን ይችላል።

«አብዷል» ከመባሉ በፊት

ፖሊስ «አብዷል» ብሎ ያመጣው ሰው ሁሉ የአእምሮ ሕመምተኛ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ይህ ጥንቃቄ ልዩ ትርጉም አለው። በድንገት የሚለፈልፍ፣ የሚፈራገጥና ዘመዶቹን የማያውቅ ወጣት አንጎልን ያጠቃ ወባ ሊኖርበት ይችላል። ማጅራት ገትር፣ ግርሻ፣ የደም ስኳር መውረድ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ከሚጥል በሽታ በኋላ የሚከተል የንቃተ ሕሊና መዛባት እንዲሁም የአልኮል መጠጥን በድንገት ማቋረጥ ተመሳሳይ መልክ ይኖራቸዋል።

በመሆኑም የመጀመሪያው ተግባር የንቃተ ሕሊናን ደረጃ፣ የሰውነት ሙቀትን፣ የልብ ምትን፣ የደም ግፊትንና አተነፋፈስን መለካት፣ የደም ስኳርና የወባ ምርመራ ማድረግ፣ ጭንቅላትንም በጥንቃቄ መመርመር ነው። የቀንና የሌሊት መዘበራረቅ፣ ትኩሳት፣ በዓይን የሚታይ ነገር መቃዠትና በሰዓታት ውስጥ የሚለዋወጥ ሁኔታ አካላዊ መንስኤን ያመለክታሉ። እንዲህ ያለው ሰው በእስር ክፍል አንድ ሌሊት ቢያድር ሊሞት ይችላል።

ሕመምተኛውን በሚይዙበት ጊዜ አንድ ሰው ብቻ በዝግታና በአክብሮት ያነጋግረው፤ የተሰበሰበው ሰው ይበተን፤ የጦር መሣሪያ ከክፍሉ ይውጣ። ማሰር የመጨረሻ አማራጭ ሆኖ ከተገኘ ለአጭር ጊዜ፣ በማያቋርጥ ክትትል ይሁን። በደረቱ አስተኝቶ ጀርባውን መጫን ትንፋሽ ሊያሳጣና ሊገድል እንደሚችል ለፖሊስ ባልደረቦች በግልጽ ይነገራቸው። ሃሎፔሪዶል ወይም ዲያዜፓም ካስፈለገ በሕክምና መመሪያው ልክ ተሰጥቶ፣ አተነፋፈስና የጡንቻ መኮማተር ይታያል። መድኃኒት የሚሰጠው ለሕመምተኛው ጥቅም እንጂ ለጉዞ እንዲመች አይደለም።

የርቀትና የነዳጅ ሂሳብ

በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። «ወደ አማኑኤል ይወሰድ» የሚለው ልማድ የመነጨው ከዚሁ ነው። ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የተዘረጋው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ግን አገልግሎቱ በመጀመሪያ ደረጃ የጤና ተቋማት እንዲሰጥ አቅጣጫ አስይዟል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያስጀመረው የአእምሮ ጤና ክፍተትን የማጥበብ መርሐ ግብርም ዓላማው ስፔሻሊስት ያልሆኑ ባለሙያዎች ሳይኮሲስን፣ የሚጥል በሽታን፣ ድብርትንና የመሳሰሉትን እንዲያክሙ ማስቻል ነው።

ይህ አቅጣጫ የበጀትም ጉዳይ ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት የነዳጅ ድጎማ ማሻሻያ ሲጀመር አንድ ሊትር ነጭ ናፍጣ 49 ብር ከ02 ሳንቲም ሆኖ ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ደረሰ፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። አንድ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር ይፈጃል ብንል፣ ከደራ አዳማ ደርሶ መልስ (50 ኪሎ ሜትር) 7 ሊትር ያስፈልገዋል፤ ወጪው ከ343 ብር ወደ 693 ብር አድጓል ማለት ነው። ከደራ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ (250 ኪሎ ሜትር ያህል) 35 ሊትር ሲሆን፣ ከ1,716 ብር ወደ 3,464 ብር ከፍ ብሏል።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ የነዳጅ በጀት በብር ሳይጨምር ከቆየ የሚሸፈነው ጉዞ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ «ነዳጅ የለም» የሚለው ቃል እውነት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ለአንድ የአዲስ አበባ ጉዞ የሚወጣው ገንዘብ አምስት ሕመምተኞችን አዳማ አድርሶ ይመልሳል። በአቅራቢያ ሊታከም የሚችለውን በአቅራቢያ ማከም፣ ሪፈር የሚያስፈልገውን ብቻ መላክ ለሕመምተኛውም ለሕዝብ ገንዘብም ይበጃል።

መዝገብና ተጠያቂነት

በቃል የቀረ መዘግየት ተጠያቂ የለውም። ፖሊስ «አምቡላንስ አልመጣም» ይላል፤ ጤና ተቋሙ «ፖሊስ አላመጣውም» ይላል፤ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ «ጥያቄ አልቀረበልንም» ይላል። ሦስቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ፤ ሕመምተኛው ግን በመካከል ይቀራል። ይህን ክፍተት የሚዘጋው የርክክብ መዝገብ ነው። መዝገቡ ቢያንስ የሚከተሉትን ይይዛል፦

- ሕመምተኛው በፖሊስ እጅ የገባበትና ጤና ተቋም የደረሰበት ቀንና ሰዓት፣ የተያዘበት ምክንያት፤
- ሲደርስ የነበረው አካላዊና አእምሯዊ ሁኔታ፣ የቁስል፣ የእስራትና የድብደባ ምልክት ካለ መጠኑና ቦታው፤
- የተደረገው ምርመራና የተሰጠው ሕክምና፤
- መኪና የተጠየቀበት ሰዓት፣ ምላሽ የተገኘበት ሰዓት፣ የዘገየ እንደሆነ የተሰጠው ምክንያት፤
- የአስረካቢውና የተረካቢው ስም፣ ኃላፊነትና ፊርማ።

የሕመምተኛው ምስጢር እንደተጠበቀ ይቆያል። ለፖሊስ የሚነገረው ለደኅንነቱና ለጉዞው የሚያስፈልገው ብቻ ነው። ከመዝገቡ ስም ሳይወጣ በየሦስት ወሩ ቁጥሩ ብቻ ተጠቃልሎ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ በዚያም በኩል በጀት ለሚያጸድቀው ምክር ቤት ሊቀርብ ይገባል። «በሩብ ዓመቱ ይህን ያህል ሰው በነዳጅ እጦት ከ24 ሰዓት በላይ ዘግይቷል» የሚል አንድ መስመር፣ «ችግር አለ» ከሚል ረጅም ደብዳቤ ይበልጣል። በሌላ በኩል የፖሊስም ሆነ የጤና መሥሪያ ቤቱ የነዳጅና የኤሌክትሪክ ወጪ የሕዝብ ገንዘብ ስለሆነ፣ ለምን እንደዋለ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብትን ደንግጓል። በእስር ላይ የመብት ጥሰት ሲያጋጥም አቤቱታ ለሰብአዊ መብት ኮሚሽን፣ የአስተዳደር በደል ሲሆን ለእንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል።

በአሜሪካ የሜምፊስ ከተማ አንድ የአእምሮ ሕመምተኛ በፖሊስ ጥይት ከሞተ በኋላ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. ፖሊስ፣ የጤና ባለሙያዎችና የሕመምተኛ ቤተሰቦች በጋራ ልዩ የሠለጠነ የፖሊስ ቡድን አቋቁመዋል። የዚያ አሠራር ቁልፍ ሥልጠናው ብቻ አልነበረም፤ ፖሊስ ያመጣውን ሕመምተኛ ሳያመላልስ የሚቀበል ጤና ተቋም አስቀድሞ መታወቁ ነበር። ይህ ክፍል ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በደራም ሆነ በአዳማ ሁለት ኃላፊዎች ተቀምጠው ሊስማሙበት ይችላሉ።

ማጠቃለያ

የነዳጅ ዋጋን የጤና ባለሙያው አይወስንም፤ ፖሊስንም አያዝም። ነገር ግን የደረሰውን ሕመምተኛ ሳይመረምር «እብድ ነው» ብሎ አለመመለስ፣ ያየውን በሰዓቱ መጻፍ፣ የጻፈውንም ለሚመለከተው ማድረስ በእጁ ነው። ከፖሊስ ጣቢያ አዛዡ ጋር የስልክ ቁጥር መለዋወጥና የርክክብ መዝገብ መክፈት በዚህ ሳምንት ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።