የኦራል የፊት እግር መንቀጥቀጥና የምርመራው ሥርዐት

በኡራል ተራሮች አጠገብ ባለችው በሚያስ ከተማ ተሠርቶ ለሶቪየት ጦር የተሰለፈው፣ በኋላም ወታደራዊው መንግሥት ከሞስኮ ጋራ በተወዳጀበት ዘመን በብዛት ወደ ኢትዮጵያ የገባው፣ ሕዝቡም ኦራል ብሎ የሚጠራው ባለ ሦስት አክስል ከባድ መኪና፣ ዛሬ በመንገድ ላይ ሲገኝ ዕድሜው ብዙውን ጊዜ ከሾፌሩ ዕድሜ ይበልጣል። ባለ ቤንዚኑ 375 መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961፣ ባለ ናፍጣው 4320 ደግሞ በ1977 ስለ ሆነ፣ ከእነዚያ ዘመን መኪኖች ታናሽ የሚባለው እንኳ ሠላሳ ዓመት የተሻገረ ሽማግሌ ነው። ይህን ሽማግሌ የሚነዱ ሰዎች ደጋግመው የሚያሰሙት አንድ ስሞታ አለ። በዝግታ ሲሄድ ጨዋና ታዛዥ የነበረው መኪና፣ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 50 ወይም ወደ 60 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ፣ ይልቁንም በዚያው ፍጥነት አንዲት ጉድጓድ ሲነካ፣ የፊት ጎማዎቹ ግራና ቀኝ መርገብገብ ይጀምራሉ፤ ጋቢናው ይናጣል፤ ፍጥነቱም እስኪወርድ ድረስ መንቀጥቀጡ በልመናም በቁጣም አይቆምም።

በዚህ ጊዜ ባለንብረቱ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ አንዱ «ባላንስ ነው» ሲለው ጎሚስታ ዘንድ ይሄዳል፣ ሌላው «ኩሽኔታ ነው» ሲለው ኩሽኔታ ይገዛል፣ ሦስተኛው «አላይመንት ነው» ሲለው ደግሞ የመሪውን ዘንግ ያስጠመዝዛል፤ ገንዘቡ አልቆ መንቀጥቀጡ ግን እንደ ነበረ ይቀራል። እኔ እንደሚመስለኝ ስሕተቱ ያለው በምክሩ ላይ ሳይሆን በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ብልህ የንስሓ አባት ቀኖናውን ከመስጠቱ በፊት መቼ፣ የት፣ በምን ምክንያት፣ ስንት ጊዜ ብሎ እንደሚጠይቅ፣ መካኒኩም ቁልፍ ከማንሣቱ በፊት ሾፌሩን ሊጠይቀው ይገባል። መንቀጥቀጡ የሚነሣው ፍሬን ሲረገጥ ብቻ ከሆነ፣ ክብነቱን ያጣ የፍሬን ከበሮ ይጠረጠራል። በእርምጃ ያህል ዝግታ እንኳ መኪናው ደረጃ እንደሚወጣ ሰው የሚያነክስ ከሆነ፣ ቸርኬው ተጣሟል ወይም ጎማው ከውስጥ ተለያይቷል። በአንድ የፍጥነት ክልል ውስጥ ብቻ ታይቶ ከዚያ በላይ የሚጠፋ ከሆነ፣ የክብደት አለመመጣጠን ነው። ጉድጓድ ሲነካ ተነሥቶ አልበርድ የሚል ከሆነ ግን፣ ከእግሩ መጋጠሚያዎች አንዱ ወይም ብዙዎቹ ልቅ ሆነዋል ማለት ነው።

ለነገሩ ይህ ደዌ በኦራል የተጀመረ አይደለም። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዦርዥ ብሩልዬ እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ መሪ መንቀጥቀጥ የጻፈ ሲሆን፣ ከሮልስ ሮይስ ወደ አሜሪካ የተሻገረው ሞሪስ ኦሊም በጄኔራል ሞተርስ ሲሠራ የፊት ጎማዎች እያንዳንዳቸው ለየብቻ እንዲንቀሳቀሱ የደከመበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር፤ የድካሙም ፍሬ በ1934 ሞዴሎች ላይ ታየ። ችግሩ ሁለቱን ጎማዎች በአንድ ድፍን አክስል ላይ ማሰር ነው። አንደኛው ጎማ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ከፍ ሲል አክስሉ በሙሉ ያዘነብላል፤ የሚሽከረከር ጎማ ደግሞ ሲያዘነብሉት በማዘንበል ብቻ አይወሰንም፣ በጠባዩ ወደ ጎንም ይዞራል፤ መዞሩም መልሶ አክስሉን ወደ ሌላው ወገን ያዘነብለዋል፤ እንዲህ እያለ አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ይቀጥላል። የጦር መኪና ሠሪዎች ይህን እያወቁ ድፍኑን አክስል ያልተዉት፣ ጭነትንና ግጭትን የሚችል፣ ሜዳ ላይም በቀላሉ የሚጠገን ስለ ሆነ ነው፤ እኔም በዚህ አልፈርድባቸውም።

እንግዲህ መንቀጥቀጥ ሁለት ነገሮች ሲገናኙ የሚወለድ ነው፤ አንዱ የሚቀሰቅስ፣ ሁለተኛው የሚፈቅድ። ቁመቱ ከ1.2 ሜትር የሚበልጠው 14.00-20 የተባለው የኦራል ጎማ፣ መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሰከንድ ከ4 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ በአንድ ወገኑ ትርፍ ክብደት ቢኖርበት በየዙሩ አክስሉን ይገፋዋል፤ ይህም ምት እግሩ በተፈጥሮው ከሚወዛወዝበት ምት ጋራ ሲገጥም ጥቂቱ ግፊት ብዙ ይሆናል። መጋጠሚያዎቹ ጥብቅ ከሆኑ ግፊቱ ተውጦ ይቀራል፤ ልቅ ከሆኑ ግን መንገዱ ክፍት ነው። ጎማ ብቻ የለወጠ ሰው ለጥቂት ወራት አርፎ መንቀጥቀጡ የሚመለስበት ምክንያት፣ ቀስቃሹን አስወግዶ ፈቃጁን እዚያው ስለ ተወው ነው።

ከቀስቃሹ ሲጀመር ወጪ የሌለበት ሥራ ይቀድማል። በክረምት መረሬ ውስጥ የዋለ መኪና በቸርኬው ውስጠኛ ወገን የተጋገረ ጭቃ ይዞ ይወጣል፤ ጭቃው ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክርና ከውጭ ለሚያይ ዐይን ሳይታይ ኪሎ የሚመዝን ክብደት በአንድ ወገን ይሆናል። ስለዚህ ከመካኒክ በፊት መሮና ውሃ። ቀጥሎ የአየር ልክ ነው። ኦራል ሾፌሩ ከጋቢናው ሆኖ የጎማዎቹን አየር የሚጨምርበትና የሚቀንስበት ሥርዐት ያለው መኪና ስለ ሆነ፣ ከማሸጊያዎቹ አንዱ ሲያረጅ አንደኛው የፊት ጎማ በዝግታ እየጎደለ የአየር መለኪያው ሰዓት ላይ ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል፤ የየጎማውን ቫልቭ ዘግቶ አንድ ሌሊት አሳድሮ መለካት ምሥጢሩን ያወጣዋል። ለብዙ ወራት በአንድ ቦታ የቆመ መኪና ደግሞ ጎማው መሬት በነካበት በኩል ይጠፈጠፋል፤ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ተነድቶ ሲሞቅ ከተስተካከለ መልካም፣ ካልተስተካከለ ግን ያ ጎማ ለፊት አይሆንም።

ከዚያ አክስሉ በክሪክ ይነሣል፤ ከሥሩም ጠንካራ መደገፊያ ይገባል፤ የኋላ ጎማዎችም በድንጋይ ይታገዳሉ። ጠመኔ ጎማው አጠገብ አስጠግቶ ይዞ ጎማውን በእጅ ማዞር ነው፤ ጠመኔው በአንድ ቦታ ብቻ የሚነካ፣ በሌላው የሚርቅ ከሆነ ጎማው ወይም ቸርኬው ክብ አይደለም። የኦራል ስድስቱ ጎማዎች በልክ አንድ ስለ ሆኑ፣ የፊቶቹን ከኋላዎቹ ጋራ ማለዋወጥ ከሁሉ የሚቀል ፈተና ነው፤ መንቀጥቀጡ ከጎማው ጋራ ወደ ኋላ ከሄደ ዳኝነቱ አልቋል። በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ የዚህ መኪና ቸርኬ ከብዙ ክፍል የተገጣጠመና በብረት ቀለበት የተያዘ ነውና፣ አየሩ ፈጽሞ ሳይወጣ ቀለበቱን የሚነካ ሰው በሕይወቱ ይጫወታል።

አሁን ወደ ፈቃጁ እንመጣለን፤ ጥበቡም ያለው እዚህ ነው። የተነሣውን ጎማ አንዱን እጅ ከላይ፣ ሌላውን ከታች አድርጎ መግፋትና መሳብ ነው፤ ለዚህ ግዙፍ ጎማ እጅ ስለማይበቃ ረጅም ብረት ከሥሩ ማስገባት ይሻላል። ከተነቃነቀ ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ፤ አንደኛው የጎማው ኩሽኔታ፣ ሁለተኛው ጎማው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞርበት የላይና የታች ምሰሶ። እነዚህን ለመለየት ልምድ ያለው መካኒክ ምንም ሳይፈታ ረዳቱን ወደ ጋቢናው ይልከዋል።

«እስኪ ፍሬኑን ርገጠው!»

«ረግጫለሁ ጋሼ!»

«አትልቀቅ፣ እንደ ያዝከው ቈይ!»

ፍሬኑ ሲያዝ የጎማው ከበሮ በፍሬን ሸራዎቹ በኩል፣ ጎማውን ተሸክሞ በምሰሶው ላይ ከሚዞረው የመሪው እጅጌ ጋራ አንድ አካል ይሆናል፤ ስለዚህ በኩሽኔታው ውስጥ ያለው ክፍተት ይዘጋል። መነቃነቁ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፤ ከቀጠለ የምሰሶው ነው። የኦራል ፍሬን አየር የሚገፋው ዘይት ስለ ሆነ፣ ሞተሩ አስቀድሞ ተነሥቶ የአየር ጋኖቹ ካልሞሉ ፈተናው ያሳስታል። ኩሽኔታው ከሆነ በልኩ ማጥበቅና ግራሶውን መለወጥ ሊበቃ ይችላል፤ ምሰሶው ኩሽኔታ ላይ የሚዞር ከሆነና ኩሽኔታውም ገና ካልተበላ፣ ከላይና ከታች ከተደረደሩት ስስ ንጣፎች ጥቂቶቹን በማውጣት ይጠብቃል። ነገር ግን ከላይ የወጣው ያህል ከታችም ካልወጣ እጅጌው ከመካከሉ ይዛነፍና በውስጡ ያለውን የጎማ ማዞሪያ መጋጠሚያ ያሳምመዋል፤ ይህን የሚዘነጋ ብዙ ነው።

የመሪውን ዘንጎች ለመመርመር ጎማዎቹ መሬት ላይ ሆነው፣ ሞተሩ እየሠራ፣ አንዱ ሰው መሪውን ጥቂት ወደ ግራ ጥቂት ወደ ቀኝ ሲያወዛውዝ ሌላው በየዘንጉ ጫፍ መዳፉን ያሳርፋል፤ ዐይን የማያየውን ክፍተት መዳፍ ያውቀዋል። የመሪው ሳጥን ራሱ ከሻንሲው ጋራ የታሰረበት ብሎን ላልቶ፣ ዘንጎቹ ሁሉ በሐሰት የተከሰሱበት ጊዜም አለ። የባሌስትራው መካከለኛ ብሎን ከተቆረጠ አክስሉ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ይህም በሁለቱም ወገን ከአክስሉ እስከ ሻንሲው አንድ ነጥብ ድረስ በሜትር ሲለካ ይታወቃል። አላይመንት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ በላላ እግር ላይ የተወሰደ ልክ ነገ ሌላ ይሆናልና።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ ትተው በመሪው ዘንግ ላይ ንዝረት የሚያፍን መሣሪያ ያስገጥማሉ። መሣሪያው በራሱ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ሕጸጹን ሳያድን ድምፁን ስለሚያፍን፣ በውስጥ የሚበላው መጋጠሚያ እስኪበጠስ ድረስ ሾፌሩ በሰላም የሚሄድ ይመስለዋል። ለሾፌሩ ደግሞ መንቀጥቀጡ በመንገድ ላይ ቢነሣበት፣ ፍሬኑን በድንገት መርገጥ የፊቱን እግር ይበልጥ ያስጨንቀዋልና፣ መሪውን አጥብቆ ይዞ የነዳጁን ፔዳል በመልቀቅ ፍጥነቱ በራሱ እንዲወርድ ማድረግ የተሻለ ነው።

ጥገናው ሲያልቅ መኪናው መጀመሪያ ባዶውን፣ ኋላም ተጭኖ፣ መንቀጥቀጡን ይቀሰቅስ በነበረው በዚያው መንገድ ላይ ይፈተናል። ከፈተናው ሲመለስም የጎማዎቹና የባሌስትራው ብሎኖች ሁሉ እንደገና በቁልፍ ይዳሰሳሉ፤ በመካከል የቀረ ዝገትና ቀለም በጉዞው ሲረግፍ፣ ትናንት ጠብቆ የነበረው ብሎን ዛሬ ላልቶ ይገኛልና።