መልእክታችሁን መጀመሪያ የሚያነበው ማነው? (ከርቀት የሚሠራ ረዳት ለመቅጠር ላሰባችሁ)



ሰሞኑን ኢንቦክስ ላይ አንድ ጥያቄ በርከት ብሎ መጣ፦ «ዶክተር፣ የሚመልስልን አንተ ነህ ወይስ ሌላ ሰው?» በግልጽ ልንገራችሁ፤ መልእክታችሁን መጀመሪያ የምታነበው ረዳቴ ነች። እኔ ያለሁት ምዕራብ ዓባያ፣ ብርብር ነው። እሷ ሐዋሳ ነች። ከቤቷ ሆና ቀጠሮ ትይዛለች፣ መልእክት ትለያለች፣ መድኃኒት የጀመሩ ሰዎችን ደውላ «እንዴት ሆናችሁ?» ትላለች። በዘመኑ አጠራር «ቨርቹዋል አሲስታንት» የሚሉት ሥራ ነው።

ከእናንተ መካከል ፋርማሲ፣ ክሊኒክ ወይም ላቦራቶሪ ያላችሁ፣ እንዲሁም በቴሌግራም ልብስና ጫማ የምትሸጡ ሳትቀሩ «እኔም ልቅጠር? እንዴት ነው የሚሠራው?» ስለምትሉኝ ዛሬ ስለሱ እናውራ። ታካሚ የሆናችሁም አንብቡት። የላካችሁት የምርመራ ውጤት በማን እጅ እንደሚያልፍ ማወቅ አለባችሁ።

ለምን አስፈለገኝ? ጠዋት ተመላላሽ ክፍል ከገባሁ ስልክ አላነሳም። ፊቴ የተቀመጠ ታካሚ እያለ ቴክስት መመለስ ነውር ነው፣ አደገኛም ነው። ግን ወረዳችንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የዓባያ ሐይቅን ይዞ የተዘረጋ ቆላ ነው። ሙዙም ማንጎውም ያምርበታል፣ የወባ ትንኙም እንደዚያው። በፈረንጆቹ 2024 ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ገልጾ ነበር። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ደግሞ ካልታከመ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ከባድ ሕመም፣ ከዚያም ወደ ሞት ሊሄድ ይችላል። እንግዲህ አስቡት፤ አንዲት እናት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ «ልጄ ከትናንት ጀምሮ ያተኩሰዋል» ብላ ልካ እኔ 10 ሰዓት ላይ ባነበው፣ ከነዚያ 24 ሰዓቶች 8ቱ ስልክ ውስጥ ተኝተው አለፉ ማለት ነው።

ስለዚህ የረዳቷ ትልቁ ሥራ መልስ መስጠት አይደለም፤ መለየት ነው። ይህን ልዩነት ሳይዙ ረዳት የሚቀጥሩ የጤና ተቋማት ያሳስቡኛል። «ደንበኛ እንዳይሄድብን ቶሎ መልሺ» ተብላ የተቀጠረች ልጅ፣ «ምን ልስጠው?» ተብላ ስትጠየቅ የሆነ ነገር መመለሷ አይቀርም። ከጎግል ታመጣለች፣ ወይም ባለፈው ለሌላ ሰው የታዘዘውን አስታውሳ ትነግራለች። ጫማ ቤት ውስጥ ቁጥር 38ን 39 ብሎ መመለስ ጫማ ማስለወጥ ነው። እዚህ ግን ሌላ ነው።

እኛ ጋ ያለው ደንብ እንዲህ ነው። ረዳቴ የመድኃኒት ስም አትናገርም። ፓራሲታሞልም ቢሆን። የልጅ መድኃኒት በኪሎ ነው የሚሰላው፣ ኪሎውን ደግሞ በስልክ ማየት አይቻልም። በወባ አካባቢ ትኩሳት ያለበት ሰው በሙሉ በዚያው ቀን ደሙ እንዲታይ ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል፤ «ሁለት ቀን እንየው» የሚባል ነገር የለም። ከዚያ በላይ ደግሞ «ቀይ» የምንለው ዝርዝር አላት፣ በወረቀት ጽፋ ከኮምፒውተሯ ጎን ለጥፋዋለች፦ ሕፃኑ መጠጣት ወይም ጡት መጥባት አቃተው፤ የወሰደውን ሁሉ ያስመልሰዋል፤ አንቀጠቀጠው፤ ፈዘዘ ወይም አልነቃ አለ። ነፍሰ ጡር ሆና ደም የፈሰሳት፣ ወይም ከባድ ራስ ምታት ይዟት ዓይኗን ጭጋግ የጋረዳት። ደረቱን ጨምድዶ የያዘው፣ ትንፋሽ ያጠረው። አፉ የተጣመመ፣ አንድ ጎኑ የዛለ። እባብ የነደፈው።

ከነዚህ አንዱ ከመጣ አትጽፍም፣ ትደውላለች። ቴክስት ሊነበብም ላይነበብም ይችላል፤ የስልክ ጥሪ ግን ሰው ያነሳዋል። የምትለውም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አሁኑኑ ወደሚቀርባችሁ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ፣ የዶክተርን መልስ አትጠብቁ።» ከዚያ ለኔ ትደውላለች። እኔ ካላነሳሁ ለተረኛዋ ነርስ። «ዶክተር ቢዚ ስለሆነ ቆዩ» የሚል መልስ ለቀይ መልእክት በፍጹም የተከለከለ ነው።

አንድ ሌላ ነገር፣ ብዙ ሰው የማያስበው። ታካሚው የተናገረውን ቃል እንዳለ ነው የምትጽፍልኝ፤ ወደ ሕክምና ቋንቋ አትተረጉምም። ለምን? እኛ አገር «ጨጓራዬን አመመኝ» የሚል ሰው ጨጓራው ሊሆን ይችላል፣ ሐሞቱ ሊሆን ይችላል፣ ልቡም ሊሆን ይችላል። «ብርድ መታኝ» ሲባል አንዱ የወባ ብርድ ብርድ ማለቱን ነው፣ ሌላው የሳንባ ምች ይዞት ነው። «ምች»፣ «ነርቭ»፣ «ታይፎይድ» እያልን የምንጠራቸውን እናንተው ታውቋቸዋላችሁ። ረዳቷ «የጨጓራ ታካሚ፣ አስቸኳይ ያልሆነ» ብላ ከመዘገበችው እኔ ዘንድ የሚደርሰው የእሷ ግምት ነው። «ዕድሜ 58፣ ወንድ፣ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል ይላል፣ ግራ እጄንም ይላል፣ ያልበዋል» ብላ ከጻፈችው ግን ካለሁበት እነሳለሁ።

ወደ ቅጥሩ እንምጣ። አሁን በዚህ ሙያ የሠለጠነ ወጣት አይጠፋም፤ አልኤክስን የመሰሉ ተቋማት የቨርቹዋል አሲስታንት ሥልጠና ሰጥተዋል። ያመለከቱት ሁሉ እንግሊዝኛቸው ጥሩ ነበር። እኔ ግን እንግሊዝኛ የሚጽፍልኝ ታካሚ የለኝም። የሚደውልልኝ ሰው ግማሹ ጋሞኛ ወይም ወላይትኛ ይቀናዋል፤ አማርኛ ቢችልም ሲጨነቅ በእናቱ ቋንቋ ነው የሚናገረው። ስለዚህ ጨንቻ ተወልዳ ያደገችውን፣ ጋሞኛ አቀላጥፋ የምትናገረውን መረጥኩ። ወላይትኛ ሲሆን ተረኛዋ ነርስ ታግዘናለች። እናንተም አዲስ አበባ ሆናችሁ ብትቀጥሩ፣ ደንበኛችሁ በምን ቋንቋ እንደሚጨነቅ መጀመሪያ ጠይቁ።

ፈተናው ቀላል ነበር። እኔው የፈጠርኳቸውን 10 መልእክቶች ሰጠሁና «ለዪልኝ» አልኩ። ከአመልካቾቹ አንዱ ለአሥሩም የሚያምር የሕክምና ምክር ጽፎ መለሰልኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። እሷ ሁለቱ መልእክቶች አጠገብ «ይሄ አልገባኝም፣ ደውዬ ልጠይቅ?» ብላ ጽፋ ነበር። እዚያው ቀጠርኳት።

ሰዓት! ይሄን ለብቻው ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሰው የሚያጣላው ትንሹ ነገር ይሄ ነው። የስልክ ካላንደር «2፡00» ሲል ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለቱ ነው። ታካሚው «ነገ 2 ሰዓት» ሲል ጠዋት ማለቱ ነው። ቀኑም እንደዚያው፤ «በ12 ና» ሲባል በእኛው ወር ይሁን በፈረንጁ ካልተለየ አንዱ ባዶ ክሊኒክ ይመጣል። እኛ ሁሌም የሳምንቱን ቀን፣ የኢትዮጵያን ቀን፣ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚለውን ጨምረን እንጽፋለን፦ «ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 12፣ ጠዋት 3 ሰዓት»። የመድኃኒት ሰዓትም በዚሁ ይሄዳል። ኮአርተም የታዘዘለት ሰው ሁለተኛውን መጠን ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው የሚወስደው፣ ከዚያ ለሁለት ቀን ጠዋትና ማታ። ማታ 1 ሰዓት ላይ ለጀመረ ሰው ሁለተኛው ሌሊት 9 ሰዓት ይሆናል። ረዳቴ በማግስቱ ደውላ «ሌሊት ተነስተው ወሰዱት?» ትላለች። ለቪቫክስ ወባ የሚታዘዘው ፕሪማኪን ደግሞ ብዙውን ጊዜ 14 ቀን ነው፤ ሰው ትኩሳቱ ሲለቀው በአራተኛው ቀን ያቆመዋል፣ ወባው ከጉበት ተነስቶ ይመለሳል። በነገራችን ላይ የከፈልኩት ደመወዝ ከሁሉም በላይ ዋጋውን ያወጣው በዚህ ጥሪ ነው።

አሁን ምስጢር። «የማያውቀኝ ሰው ጉዳዬን ሲያነብ አልወድም» ያላችሁኝ አላችሁ፤ ትክክል ናችሁ። ግን በትንሽ ከተማ ነገሩ ይገለበጣል። ብርብር ውስጥ ካርድ ክፍል የምትሠራው ልጅ የጎረቤትህ ልጅ ነች፣ ወይ የባለቤትህ ዘመድ ነች። ሐዋሳ ያለችው ረዳት አታውቅህም፣ ገበያ ላይም አታገኝህም። ርቀቱ ራሱ መጋረጃ ነው። መጋረጃው የሚቀደደው በስልኩ በኩል ነው። ስለዚህ ለሥራ ብቻ የሚሆን ስልክና ሲም ሰጥቻታለሁ። ቤተሰብ አይነካውም። መልእክት ሲገባ ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ አይታይም። ፎቶ በራሱ ጋለሪ ውስጥ እንዳይቀመጥ ተዘግቷል፤ ይሄን ቴሌግራምና ዋትስአፕ ሴቲንግ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ባለሁለት ደረጃ ይለፍ ቃል አለው። የኤችአይቪ፣ የቲቢ፣ የእርግዝና ውጤት የያዘ ምስል ወደ ታካሚው ካርድ ከገባ በኋላ ከስልኩ ይጠፋል። የታካሚ መልእክት ገልብጦ ቻትጂፒቲን የመሰለ ነገር ላይ መለጠፍ ክልክል ነው፣ ለትርጉምም ቢሆን።

ይሄ የኔ ጥንቃቄ ብቻ አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች ጋር ነው የመደበው። «ረዳቴ ናት ያወጣችው» ብሎ መሸሽ አያዋጣም፤ መረጃውን የሰበሰብነው እኛ ነን። የምስጢር ውል አስፈርሙ፣ ሥራ ስትለቅም ይለፍ ቃሉን በዚያው ቀን ቀይሩ።

ስለ ገንዘብ አጠር ላድርገው። የቴሌብር ፒን ለማንም አይሰጥም፤ «ከፍያለሁ» የሚል ስክሪንሾትም ክፍያ አይደለም፣ ሒሳቡ ላይ መግባቱን ማረጋገጥ ነው። በቋሚነት የምትቀጥሯት ከሆነ ከቤቷ መሥራቷ ሠራተኛ መሆኗን አያስቀረውም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ይደረጋል፣ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም። የሳምንት ዕረፍትም አላት።

ዕረፍቱን ያነሳሁት ለሕግ ብቻ አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሰው ጭንቀት ማንበብ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የሞተ ልጅ ፎቶ የሚልክ ሰው አለ፣ ሌሊት የሚሳደብ አለ። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ የሥራ ስልኳ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጽፍ ሰው የተረኛችንን ስልክ የያዘ መልስ ወዲያው ይደርሰዋል። በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ስለከበዳት ነገር እናወራለን። አንገቷንና ዓይኗን ስላመማት ኮምፒውተሩን ከፍ አድርጋ፣ በየ20 ደቂቃው ቀና ብላ ራቅ ያለ ነገር እንድታይ ነግሬያታለሁ። ለሷ እንኳን ምክር ሳልሰጥ አልቀረሁም!

መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋስ? ዳታ ሲቆም የድምፅ ጥሪ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ከ30 ደቂቃ በላይ ከጠፋባት ለነርሷ በተራ ስልክ ደውላ ታስረክባለች። «ጠፍቶ ነበር» የሚለው ከሰዓታት በኋላ አይነገርም።

ሁላችሁም ቅጠሩ እያልኩ አይደለም። በቀን አምስት መልእክት የሚመጣለት ክሊኒክ ረዳት አያስፈልገውም፤ በር ላይ የስልክ ቁጥር በትልቁ መለጠፍ ይበቃዋል።

ወደዚህ ገጽ ስትጽፉ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ሕመሙ የጀመረበትን ቀንና ያላችሁበትን ከተማ ብቻ ላኩ፤ ስም አያስፈልግም። ረዳቴ እንድታነበው የማትፈልጉት ጉዳይ ካለ ዝርዝሩን አትጻፉ፤ «ለዶክተር ብቻ» ብላችሁ ስልካችሁን ተዉልኝ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ እኔው እደውላለሁ። ከላይ የዘረዘርናቸው የቀይ ምልክቶች ካሉ ግን ለኔም ለሷም አትጻፉ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።