አባቴ ስለ ጃጀ እኔም እጃጃለሁን?

የዛሬው ንግግራችን ስለ መርሳት በሽታ ነው። በሸዋ ሮቢትም ሆነ በመላው ይፋት ቆላ አንድ ሽማግሌ የልጁ ስም ሲጠፋበት፣ ከሰንበቴ ገበያ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን መንገድ ሲስት፣ «ጃጀ» እንላለን። አባቱም እንዲሁ ሆኖ ከነበረ «በዘራቸው ያለ ነው» ብለን እንተወዋለን። ለመሆኑ ዘር የሚያደርሰው እስከ ምን ድረስ ነው?

ዘር ድርሻ አለው፤ አይካድም። ከወላጆቻችን ከምንወርሳቸው ጂኖች አንዱ አፖ ኢ ይባላል። በደምና በአንጎል ውስጥ ስብን የሚያመላልስ ፕሮቲን የሚሠራው በእሱ ትእዛዝ ነው። ዓይነቱ ሦስት ነው፤ 2፣ 3 እና 4 ተብሎ ይጠራል። 4ኛውን የወረሰ ሰው በስተርጅናው በአልዛይመር የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል፤ ከእናትም ከአባትም ከወረሰው ይብሳል። ይሁንና 4ኛውን ይዘው አእምሯቸው ሳይደክም የሚያረጁ ብዙዎች ናቸው።

እስቲ ናይጄሪያን እንመልከት። በኢባዳን ከተማ የሚኖሩ ዮሩባዎችና በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ የሚኖሩ ጥቁሮች ለዓመታት ተጠንተው፣ ውጤቱ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ወጣ። ዕድሜያቸው 65 ከሞላ 1000 ሰዎች መካከል በሽታው በዓመት አዲስ የሚጀምራቸው በኢንዲያናፖሊስ 32 ያህል፣ በኢባዳን ግን 14 ያህል ነበሩ። 4ኛው ጂን በኢባዳንም ሞልቷል፤ ጉልበቱ ግን እዚያ ደከም ብሎ ተገኘ። የኢባዳኖቹ ምግብ ስቡ ያነሰ፣ እህሉ፣ ሥራሥሩና ቅጠላ ቅጠሉ የበዛ ነው። በደማቸው ያለው ኮሌስትሮልም ዝቅተኛ ነው። አጥኚዎቹ ከልዩነቱ ምክንያቶች አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

ታዲያ የይፋት የማሽላ እንጀራ፣ የማሾ ወጥ፣ ጎመንና ሽንኩርት የድሃ ምግብ ተብሎ የሚናቅ አይደለም። የሚያሰጋው ጨውና ዘይት ሲበዛበት ነው። ጨው የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ግፊቱ ደግሞ በአንጎል ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች እያደር ይጎዳል። ሰውየው ምንም ሳያመው ነው ይህ የሚሆነው! ስለዚህ ግፊትን መለካት ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ። መርሳት ሁሉ አልዛይመር አይደለም። ቫይታሚን ቢ 12 የሚገኘው ከወተት፣ ከእንቁላል፣ ከሥጋና ከዓሣ እንጂ ከአትክልት አይደለም። ለዓመታት እነዚህን ያልቀመሰ አዛውንት፣ ወይም ሆዱ በእርጅና ቫይታሚኑን መቀበል ያቃተው፣ እግሩን ይደነዝዘዋል፣ ይደክመዋል፣ ይረሳል። ቤተሰቡም «ጃጀ» ብሎ ጥግ ያስቀምጠዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ቶሎ ሐኪም ዘንድ ወስዳችሁ ደሙን አስመርምሩ፤ የጎደለው ቢ 12 ከሆነ በመርፌ ወይም በክኒን ይተካለታል።