ጥቅምት 30ን የሚያውቀው ላይብረሪ

በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ከአንድ የኮሶ ዛፍ ዘር ተሰበሰበ እንበል። ሠራተኛው ወደ ኮምፒውተሩ ተመልሶ የዛፉን ስም፣ የናሙናውን መለያ ቁጥርና ቀኑን ይመዘግባል። ቀኑ ጥቅምት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ስለሆነ 30/2/2016 ብሎ ይጽፋል። ፕሮግራሙ ለፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ የተሠራ ከሆነ አይቀበለውም። ለእሱ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 ቀን የለውም። ሠራተኛው በሌላ ወረቀት ላይ አስልቶ ኖቬምበር 10 ቀን 2023 ብሎ ካልጻፈ በቀር መዝገቡ አይዘጋለትም።

ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ይህ ማዕከል በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ፣ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ 705 ሄክታር ያህል ይሸፍናል። ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶውና አስታው ዝም ብለው የቆሙ ዛፎች ቢሆኑ ኖሮ ቦታው መናፈሻ በሆነ ነበር። የእጽዋት ማዕከልን ከመናፈሻ የሚለየው መዝገቡ ነው፦ እያንዳንዱ ተክል ከየት፣ መቼ፣ በማን እጅ እንደመጣ መታወቁ። በቀኑ ላይ የአንድ ወር ስህተት ከገባ፣ ተክሉ መቼ እንዳበበና መቼ ዘር እንደሰጠ የሚያጠናው ተመራማሪ የተሳሳተ ነገር ይዞ ይሄዳል።

ደግነቱ፣ ጥቅምት 30ን አሳምሮ የሚያውቅ ኮድ በዓለም ላይ አለ፤ ያውም በነጻ። ኢንተርናሽናል ኮምፖነንትስ ፎር ዩኒኮድ ይባላል፤ ፕሮግራመሮች አይሲዩ ይሉታል። አይቢኤም ኮዱን ለሁሉም ክፍት ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሚያስተዳድረው የዩኒኮድ ኮንሶርቲየም ነው። በአንድሮይድ ስልክ፣ በአይፎን፣ በክሮምና በፋየርፎክስ፣ በአዳዲሶቹ የዊንዶውስ ቨርዥኖችም ውስጥ ይገኛል። አሥራ ሦስቱን ወራት ያውቃል። ዓመተ ምሕረትንም ዓመተ ዓለምንም ያሰላል፤ በመካከላቸው ያለው 5,500 ዓመት በኮዱ ውስጥ በአንድ መስመር ተጽፎ ይታያል። የግብጽ ኮፕቶች አቆጣጠርም ከኛ ጋር አንድ ማስያ ይጋራል፤ የወራቱ አደረጃጀት አንድ ዓይነት ስለሆነ የሚለያቸው የዓመት መነሻው ብቻ ነው። የኛ 2016 በእነሱ 1740 ነበር።

እንዲህ ያለው ኮድ የጋራ ላይብረሪ ይባላል። አንድ ጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ ይጫናል፤ ከዚያ የቀን መቁጠሪያውም፣ ዳታቤዙም፣ የጽሑፍ ፕሮግራሙም እሱኑ ይጠራሉ። እንደ ሰፈር ወፍጮ ነው፦ ሁሉም የየራሱን እህል ይዞ ይመጣል፣ ድንጋዩ ግን አንድ ነው፤ ድንጋዩ የተለወጠ ዕለት የሁሉም ዱቄት ይለወጣል።

የሙያው ጭንቀት ያለው እዚህ ላይ ነው። ላይብረሪው መሻሻል አለበት፤ ስህተት ይታረማል፣ የደኅንነት ቀዳዳ ይደፈናል። ግን ነባሮቹ ፕሮግራሞች የተሠሩት በድሮው ላይ ነው። የሊኑክስ ዓለም ለዚህ ያገኘው መላ የቨርዥን ቁጥሩን በላይብረሪው ስም ላይ ማተም ነው። አይሲዩ ጠበቅ ያደርገዋል፤ በውስጡ ያሉት ተግባራት ሁሉ በስማቸው ጫፍ ላይ የቨርዥኑን ቁጥር ይይዛሉ። ስለዚህ 71ኛውና 72ኛው በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሳይጋጩ ሊኖሩ ይችላሉ። ዋጋው ግን ከባድ ነው፦ አዲስ ቨርዥን በወጣ ቁጥር እንደ ዴቢያን ያሉ የሊኑክስ ስርጭቶች በእሱ ላይ የተመሠረቱትን ፕሮግራሞች በሙሉ እንደገና መገንባት አለባቸው።

የቨርዥን ቁጥሩ የማይከላከለው የጠባይ ለውጥ ሲመጣስ? አይሲዩ 72 እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ሲወጣ፣ በእንግሊዝኛ ሰዓት አጻጻፍ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ተራ ክፍተት በጠባብና በማይሰበር ክፍተት ተተካ። በዓይን አይለይም። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ክሮም 110 ይህን ይዞ ሲወጣ ግን፣ ሰዓቱን ጽፈው መልሰው የሚያነቡ ድረ ገጾች ተሰናከሉ፤ የክሮም ሰዎችም ለውጡን በራሳቸው እርማት መለሱት። ማንም ሕግ አልጣሰም፤ አንድ ዓይን የማያየው ምልክት ብቻ ተለወጠ።

ከዚህ የባሰው በጂሊብሲ የደረሰው ነው። ጂሊብሲ የአብዛኛው ሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ ነው፤ ቃላትን በፊደል ተራ የመደርደሩ ሥራም የእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 የወጣው 2.28ኛው ቨርዥን የድርደራ ደንቡን ከዓለም አቀፉ መለኪያ ጋር አስማማ። በጎ ሥራ ነበር። ውጤቱን ለማየት ሁለት መስመር ይበቃል፤ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ደንብ «1-1» እና «11» ሲደረደሩ ድሮ «11» ይቀድም ነበር፣ ከለውጡ በኋላ «1-1» ቀደመ። ፖስትግሬስ የተባለው ነጻ ዳታቤዝ ደግሞ የፍለጋ ማውጫውን በድሮው ተራ ደርድሮ ዲስክ ላይ አስቀምጧል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሲሻሻል ማውጫው እንደ ድሮው ቆየ፣ ፈላጊው ግን በአዲሱ ተራ መፈለግ ጀመረ። መዝገቡ እያለ «የለም» ይላል፤ ተደጋጋሚ እንዳይገባ የተከለከለ ቁጥርም ሁለት ጊዜ ሊገባ ይችላል። ብዙ የእጽዋት ማዕከላት ለናሙናዎቻቸው ዓመትና ተራ ቁጥር የሚያያይዝ መለያ ይሰጣሉ፤ በመካከሉ ሰረዝ ካለ የዚህ ለውጥ ሰለባ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ከሥርዓት ማሻሻያው በኋላ ማውጫዎቹን ሁሉ እንደገና መሥራት ነው፤ ችግሩ ይህን የሚያውቅ ሰው በቦታው ማግኘቱ ነው።

በአቆጣጠሩ ጉዳይ ኢትዮጵያ ካላት ተሞክሮ አንዱ በጤናው ዘርፍ ነው። ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. አካባቢ በአገር አቀፍ ደረጃ የዘረጋው ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ኦፕን ሶርስ የጤና መረጃ ሥርዓት ነው። የጤና ጣቢያ ሪፖርት በኢትዮጵያ ወር ነው የሚዘጋው፤ የፈረንጅ ወር ተጠቅሞ የወባ ቁጥር ማወዳደር አይቻልም። የኦስሎ ገንቢዎች ቀኑን የሚያሰላውን ክፍል ለብቻው አውጥተው የድረ ገጽ አፕሊኬሽኖቻቸው የሚጋሩት ላይብረሪ አደረጉት። ላይብረሪው የኢትዮጵያውን አቆጣጠር ቀድሞ ከተሠራ የቀን ስሌት መሣሪያ ያገኛል። የኔፓሉን ግን ወራቱ በየዓመቱ ስለሚረዝሙና ስለሚያጥሩ በሠንጠረዥ ይዞታል። በዚህ ረገድ አባቶቻችን ለፕሮግራመር የሚመች አቆጣጠር አስረክበውናል፤ አሥራ ሁለት ሠላሳ ቀንና አንዲት ጳጉሜን።

አንዳንዱ ገንቢ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ለመዳን የሚፈልገውን ላይብረሪ ከፕሮግራሙ ጋር ጠቅልሎ ይልካል። በሊኑክስ፣ በዊንዶውስና በማክ ላይ አንድ ዓይነት ውጤት ያገኛል፤ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ግን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ኦፕን ኤስኤስኤል በተባለው የምስጠራ ላይብረሪ ላይ ሃርትብሊድ የተሰኘው ቀዳዳ ሲገኝ፣ በጋራው ላይብረሪ የሚጠቀሙት አንዷን ፋይል አድሰው ፕሮግራሞቹን ዳግም በማስነሳት ዳኑ፤ ጠቅልለው የያዙት የየጥቅላቸውን እርማት መጠበቅ ነበረባቸው። የኢንተርኔት ጥቅል በሜጋባይት ለሚገዛበት አገር ደግሞ አንዲት ትንሽ ፋይል ማውረድና አሥር ፕሮግራም እንደገና ማውረድ አንድ አይደለም። መሥሪያ ቤቶቻችን የጋራውን መንገድ ቢመርጡ ይሻላል፤ ከአንድ ቅድመ ሁኔታ ጋር፣ መፈተሽን ልማድ ካደረጉ።

ፈተናው ውድ አይደለም። ቀኑን በውስጥ በአንድ ወጥ አቆጣጠር ማስቀመጥ፣ ለተጠቃሚው ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየት። ከእያንዳንዱ ማሻሻያ በፊት ጥቂት የታወቁ ቀኖችን በሦስቱም ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች ላይ አስገብቶ ተመልሶ የሚወጣውን ማየት፦ ጥቅምት 30፣ ጳጉሜን 5፣ መስከረም 1። ከሁሉ በላይ ጳጉሜን 6። በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ስለምትመጣ ስህተቷ ሦስት ዓመት ተደብቆ ይኖራል። ባለፈው የመጣችው በ2015 ዓ.ም. ነበር፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ላይ ዋለች። የምትከተለው በ2019 ነው።

እነዚህን ላይብረሪዎች የሚጠብቁት ሰዎች አማርኛ ማወቅ ግድ አይላቸውም፤ ግን ከሚያውቅ ሰው መረጃ ካላገኙ በትክክል ሊሠሩት አይችሉም። ለረጅም ዓመታት በእንግሊዝኛ ቅንብር የኢትዮጵያን ቀን የጠየቀ ሰው ከዓመቱ ቀጥሎ «ኢራ1» የሚል ጊዜያዊ ስም ይወጣለት የነበረው፣ ለዓመተ ምሕረት የሚሆን ስም የሞላ ስላልነበረ ነው። በተቃራኒው በጂሊብሲ ውስጥ የአማርኛ፣ የትግርኛ፣ የሲዳምኛ፣ የወላይትኛ ፋይሎች የተገኙት ዳንኤል ያዕቆብ የሚመራው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን አዘጋጅቶ ስላበረከተ ነው። ግዕዝም አለ፤ ከሀለሐመ ሌላ በአበገደ ተራ ለሚሠራ ሰው የተለየ ፋይል ጭምር። የወራትና የዕለታት ስሞች የሚሰበሰቡበት የዩኒኮድ የቋንቋ መረጃ ማኅደርም በየጊዜው ለፈቃደኞች ይከፈታል፤ አካውንት ያወጣ የቋንቋው ተናጋሪ በዚያ ወቅት የወሩን ስም አጻጻፍ ሊያርም፣ በቀረበውም ላይ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል። የተስማሙበት አጻጻፍ በቀጣዩ የአይሲዩ ቨርዥን ገብቶ፣ በኮምፒውተሩ ማሻሻያ በኩል ጉለሌ ድረስ ይደርሳል።