‹‹ሳንክሽን››፦ የሚፈቅድም የሚቀጣም ቃል

ባለፈው ሴሚስተር በዜና ትርጉም ክፍለ ጊዜ አንድ የእንግሊዝኛ ዜና ተሰጥቶን ነበር። የአንድ አገር ፓርላማ ወታደራዊ ዘመቻውን ‹‹ሳንክሽን አደረገ›› ይላል። እኔም ምንም ሳላመነታ ‹‹ፓርላማው በዘመቻው ላይ ማዕቀብ ጣለ›› ብዬ አስረከብኩ። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ከሥሩ በቀይ ‹‹ፓርላማው እኮ ዝመቱ ነው ያለው!›› ብለው ጽፈውበታል። ክፍል ውስጥ ስለሆነ ተሳስቀን አለፍነው። የሁለት ሰዓት ዜና ላይ ቢሆን ኖሮስ?

ከዚያ ወዲህ ነው ቃሉን መከታተል የጀመርኩት። ‹‹ሳንክሽን›› በአንድ በኩል መፍቀድና ማጽደቅ፣ በሌላ በኩል ደግሞ መቅጣት ማለት ነው። እንዴት አንድ ቃል ሁለቱንም ይሆናል? ሥሩ ላቲን ነው፤ አንድን ነገር የተቀደሰና የማይጣስ አድርጎ መደንገግ ማለት ነው። እንግሊዞች ቅዱስን ‹‹ሴይንት›› የሚሉትም ከዚሁ ሥር ነው። እንግዲህ ሕግ ሲጸድቅ የማይጣስ ይሆናል፤ የማይጣስ ከሆነ ደግሞ የጣሰው ሰው ምን ይደረግ የሚል ጥያቄ ይከተላል። ቃሉ ከማጽደቅ ወደ ቅጣት የተሻገረው በዚህች ቀዳዳ ነው። ንጉሠ ነገሥት ቻርለስ 6ኛ በ1713 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ግዛታቸውን ሴት ልጅም እንድትወርስ ያወጁት አዋጅ ‹‹ፕራግማቲክ ሳንክሽን›› ይባላል። ቅጣት የሚባል ነገር የለበትም።

በቅጣት ፍቺው ግን ቃሉ እኛኑ ይነካናል። ፋሺስት ጣሊያን በኦክቶበር 1935 ኢትዮጵያን ስትወር የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጣለባት፤ ኖቬምበር 18 ቀን ሥራ ላይ ዋለ። የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥላት፣ ብድር እንዳይሰጣት፣ ሸቀጧም እንዳይገዛ ተባለ። ነዳጅ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ አልገባም፤ የስዊዝ ቦይም ለመርከቦቿ ክፍት ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ታንክና አውሮፕላን በውኃ ኖሯል የሚንቀሳቀሰው? አዲስ አበባ በሜይ 1936 ተያዘች፤ ማዕቀቡም በጁላይ ተነሣ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ያኔ ጄኔቭ ላይ ሁለቱም ፍቺዎች አንድ ላይ ነበሩ፦ በወረቀት ቀጡ፣ በተግባር ፈቀዱ።

የእኛው ‹‹ማዕቀብ›› ራሱ ‹‹ዐቀበ›› ከሚለው የግእዝ ግሥ የመጣ ነው፤ ጠበቀ ማለት ነው፤ ዐቃቤ ሕግን ማሰብ ነው። ከሥሩ ቅጣት የለበትም፤ ልክ እንደ ላቲኑ።

ሦስተኛ ፍቺም አለ። በስለላ ልብ ወለዶች ውስጥ ‹‹ሳንክሽን›› አለቆች የፈቀዱት ግድያ ነው፤ ክሊንት ኢስትዉድ በ1975 የሠራው ‹‹ዘ አይገር ሳንክሽን›› የሚባለው ፊልም ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው።

ወደ ሥራችን ስንመለስ፣ ቃሉ በብዙ ቁጥር መጥቶ ‹‹በእገሌ ላይ›› የሚል ከተከተለው ማዕቀብ ነው ብሎ መጻፍ ይቻላል። ‹‹በእገሌ ሳንክሽን›› ከሆነ ደግሞ ፈቃድ ነው። አስቸጋሪው ግሡ ነው። የሕንድ ባንክ ብድርህ ‹‹ሳንክሽንድ›› ነው ካለህ ተፈቅዶልሃል፤ ዜና ላይ ኩባንያህ ‹‹ሳንክሽንድ›› ነው ከተባለ ግን ሒሳብህ ሳይታገድ አይቀርም። እኔ አሁን ግሡን ባየሁ ቁጥር እስክሪብቶዬን አስቀምጥና ቀጣዩን አንቀጽ አነባለሁ፤ ያኔም ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ወታደሮቹ ጉዞ እንደጀመሩ ተጽፎ ነበር።